ሁለቱ ወይዘሮ ኢሳቅ

ለምወድህ ወንድሜ ለኮርኒ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የፓራጓይ ሙቀትስ እንዴት አደረገህ? አግነስና ልጆቹ፣ ከብቶቹም ሳይቀሩ ደህና ናቸው? እኔ ደም ግፊቴ ከመጨመሩ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የጨመረብኝም የአጎታችን ልጅ ዋልደማር ነው። በስልክ እንዳልነግርህ እጮሃለሁ፤ ስለዚህ ጻፍኩልህ።

የሐይቁ ዳር የወጣቶች ካምፕ ዘንድሮ ሰባ አምስት ዓመት ሞላው። የታሪኩን መጽሐፍ ያዘጋጀው ዋልደማር ነው። ድንኳኑ፣ ትንኙ፣ ወንዶችና ሴቶች በየተራ የሚዋኙበት ሰዓት፣ ሁሉም ገብቷል። ፓስተሩ ያጠመዱት ዓሣ እንኳ ሙሉ ገጽ ደርሶታል። በረቂቁ ላይ «የመጀመሪያዋ ወጥ ቤት ኃላፊ» የሚለውን ስገልጥ ግን የማንን ፎቶ ባይ ጥሩ ነው? የእንጀራ እናታችንን የሱዛናን! ካምፑ በ1949 ሲጀመር እሳቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ሐይቁንም አያውቁት።

ጥፋቱ የቤተ ክርስቲያናችን ቃለ ጉባኤዎች ነው። ያኔ ሴት በባሏ ስም እንጂ በራሷ አትጻፍም ነበርና፣ በየዓመቱ «ወይዘሮ ኢሳቅ ፍሪዘን ጋገሩ» ይላል። እማዬ በ1963 ሞተች፣ አባዬ በ1965 ሱዛናን አገባ፣ መዝገቡ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። እማዬ ከፈረሰ ትምህርት ቤት በመጣ ምድጃ አሥራ አራት በጋ ለመቶ ልጅ ጋግራ፣ ካታሪና የሚል ስም የትም የለም።

ዋልደማርን አርመው ብዬ ብለምነው፣ «ሄልጋዬ፣ ሁለቱም ወይዘሮ ኢሳቅ አይደሉ እንዴ? ምን ያጣላሻል?» አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! መጽሐፉ እንዳለ ታተመ።

ተናድጄ አረጋውያን ቤት ሄጄ ለሱዛና ነገርኳቸው። እንደምታውቀው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እናቴ ብዬ አልጠራኋቸውም። ይቀየሙኛል ብዬ ስፈራ፣ «ልጆቹ ዳቦዬን ቀምሰው ‹የካታሪና ይሻል ነበር› ሲሉኝ ነው የኖርኩት። አሁን በስተርጅና ሌባ ሊያደርገኝ ነው? ተነሺ፣ መኪናሽን አስነሺ!» አሉኝ።

ቀይ ቀለም ገዝተን ወደ ካምፑ ወጥ ቤት ሄድን። እኔ መሰላል ላይ ወጥቼ በበሩ አናት የካታሪናን ስም ስጽፍ፣ እሳቸው ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ሆነው፣ «ጠመመ! ከፍ አድርጊው! የባል ስም እንዳትጨምሪ ብያለሁ!» እያሉ አሳበዱኝ። ስጨርስ ረጅም ሰዓት አዩትና፣ «በይ፣ ወጥ ቤቷን መለስኩላት» አሉ።

«እሺ እማዬ፣ እንሂድ» አልኳቸው። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። እሳቸውም የሰሙ አልመሰሉም፤ መንገዱን ሁሉ ግን እጄን አልለቀቁም።

ዋልደማር በሩን ላስቀባው ነው ይላል አሉ። ይሞክራት!

አግነስን ሳምልኝ፣ ሩዲንና ሚስቱን፣ ትንሿን ኤልሳንም ሰላም በልልኝ። እማማ ሱዛናም «ጉልበቱን ያሙቅ» ብለውሃል።

እህትህ ሄልጋ
ሳስካችዋን፣ ጁላይ 9 ቀን 2024