ፍየሏ በላችው ስለተባለው ሂና

ለዘይነብ አባት፣ ካለህበት ይድረስህ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ከባድ ነገር በታላቅ ሐዘን አስታውቅሃለሁ፤ ተጋድመህም ቢሆን አድምጠኝ። ቡራቡሬዋ ፍየል ከሂናህ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ በልታለች። ተከሳሿ ስትጠየቅ መልስ ሳትሰጥ ስታመሰኳ ተገኝታለች።

ከተለየኸኝ ሁለት ወር ከሃያ ቀን ሆነ። ጎጆው እንዳለ ነው። አጥሩን በአንድ በኩል ምስጥ በልቶት ተጋድሟል፤ ዘይነብ በቁመት ደረሰችብኝ። ሂናህ ግን፣ ያ ጉደኛ፣ አበበ።

ከኩርሙክ ገበያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ያመጣኸው ቀን ትዝ ይልሃል? ጨው ስጠብቅ ክንድ የማይሞላ እንጨት ሰጠኸኝ፤ ሦስት ቀን አኮረፍኩህ። አንተ ግን ለሶላት የታጠብክበትን ውሃ ሥሩ ላይ እያፈሰስክ፣ ለምስጡ አመድ እየነሰነስክ፣ አበባው ሲረግፍ ጫፍ ጫፉን እየቆረጥክ አሳደግከው። ድርቁን ቻለ፣ የሣር ቃጠሎውን ቻለ፣ እኔንም ቻለ። የዘይነብ እጅ ለሠርጓ የሚቀላው በዚህ ቅጠል ነው ትል ነበር።

ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ሂና አትነካም፣ ሽቶ አትቀባም። እኔም አልነካሁም። ዛፉ ግን ሐዘን መቀመጣችንን የነገረው የለም፤ ጠዋት ማታ መንደሩን በመዓዛ ያጥለቀልቀዋል። ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ሴቶች ሲያቅፉኝ ጊዜ ወስደው ያሸቱኛል። ታናሽ ወንድምህ ኢድሪስ ባለፈው ዓርብ መጥቶ አፍንጫውን ከጣሪያ እስከ መደብ አዞረና ሽቶ ትቀባለች ብሎ ፈረደ። እስከሚቀጥለው ዓርብ ዛፉ ካልተነቀለ ምሣር ይዞ ሊመጣ፣ እኔን ወደ አባቴ ቤት ሊሰደኝ፣ ዘይነብን ግን እነሱ ጋ ሊያስቀራት ዛተ።

ትልቋ እህትህ ሐሊማ ከጥግ ሆና፣ «ባል የሞተው እኮ በእሷ ነው፤ በዛፉ አይደለም» አለችው። ሴቶቹ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

እውነቱን ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ። ያ ሁሉ ጦር በመንደራችን ሲያልፍ በሬን ያልዘጋሁ ሴት፣ ኢድሪስ ደጅ ላይ ሲያስል መወርወሪያ እፈልጋለሁ። ጎረቤት እንጨት ሲፈልጥ ዘልዬ ወጥቼ ዛፉን እቆጥራለሁ፣ አንድ ብቻ መሆኑን እያወቅኩ። ዘይነብ ውሃ ቀድታ እስክትመለስ ከደጅ አልገባም። አንድ ቀን አበባውን ሸምጥጬ ልጥለው እጄን ዘረጋሁ፤ ሂና መንካት ክልክል መሆኑ ትዝ አለኝና መለስኩት። ለካ ሕግም አንዳንዴ ለዛፍ ይቆማል።

ነገ ዓርብ ነው። ዛፉ ቢቆምም ቢወድቅም፣ አንተ የታጠብክበትን ውሃ ታፈስበት በነበረው ቦታ እኔም የታጠብኩበትን አፈሳለሁ፤ ባዶ መሬት ቢሆንም አፈሳለሁ፣ ስምህንም እጠራለሁ። አንተን ከእኔ ለመንቀል የኢድሪስ ምሣር ያጥርበታል።

እርማት፦ ከላይ ቡራቡሬዋ ፍየል ሦስት ቅርንጫፍ እንደበላች፣ እኔም ሂና እንዳልነካሁ የተገለጸው ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ፍየሏ ከክሱ ነጻ ናት። ቅርንጫፎቹን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐሊማ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ወስዳ ከመቃብርህ ራስጌ ተክላቸዋለች። ዝናቡ እስኪገባ አደራ፣ ጠብቅልኝ።