አባሪ፦ አንድ ገጽ

ሰኞ፣ ጥር 16

ሹራቡ ከእንግዲህ አይሸፍነኝም። ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ፋይል ላቀብል ስነሳ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ ሙላት ሆዴን አየና "እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?" አለ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያውን ያጣሁት ዓምና በዘመቻ ነው። በጭነት መኪና ስንገጫገጭ ውለን በማግስቱ ደም አየሁ። አምስት ወሩ ነበር። ይህንን አላስነካም።

ማክሰኞ፣ ጥር 17

የተፋሰስ ዘመቻው ሊጀመር ነው። ለነገው ግምገማ የሚያስፈልገውን ሁሉ እኔ ነኝ የማዘጋጀው፦ ወረቀት፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ወንበር ከጎረቤት ቢሮ። ወገቤ ተቆረጠ። እትዬ ዘርፌ፣ የመዝገብ ቤቷ፣ ወንበሩን ከእጄ ቀምተው "አብሽሪ፣ ዝም ብለሽ ዋይ" አሉኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ግምገማ። ጸሐፊዋ እኔ ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤ የምይዘው ሁልጊዜ እኔው ነኝ። ተራዬ ሲደርስም እየጻፍኩ ተገመገምኩ። አቶ ሙላት "ዘመቻ መኖሩን እያወቁ ማርገዝ የአመለካከት ችግር ነው" አለ። የሳቀም ነበር። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ። "ድክመቴን እቀበላለሁ" አልኩ። እኔው ነኝ ያልኩት! አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሌላ ጊዜ የሚናገሩትን አቃናላቸዋለሁ፤ ስድቡን "ገንቢ አስተያየት" እያደረግሁ። ዛሬ አላቃናሁም። ቃሉን ከአፉ እንደወጣ አሰፈርኩት። ለበቀል አይደለም፣ ወላሂ፤ ደክሞኝ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ቃለ ጉባኤውን አዙሬ አስፈረምኩ። ሰባት ሰው ፈረመ፣ ያነበበ የለም። አንብበውም አያውቁም። አቶ ሙላት ስልክ እያወራ ፈርሞ ማኅተም አሳረፈበት። ከዚያ በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ሰጠኝና "ለነገ ተይቢው" አለኝ።

የራሴ ዝውውር ነው። "በግምገማው በተረጋገጠው መሠረት" ይላል። ግልባጭ ለዞን። ቦታው ወደ አባይ ቁልቁል፣ ቆላ፤ መኪና የማይገባበት፣ ከጤና ጣቢያ የአምስት ሰዓት የእግር መንገድ። እዚያ ምጥ ቢመጣብኝስ?

እማየ "ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ" አለችኝ። "አቤት ብትይ ጭራሽ ከሥራ ያስወጡሻል።" በመስከረም ጅዳ የሄደው ባሌ ሰዒድ ደግሞ ደውሎ "ተይው ሥራውን" ይላል። እሱስ ተይዞ ቢባረር? ስንቱ ባዶ እጁን ተመልሶ የለም? ሁለታችንም ሥራ ፈት ሆነን ልጁን ምን ልናደርገው ነው?

ዓርብ፣ ጥር 20

ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ነው ትዝ ያለኝ። ደብዳቤ ሌላ ወረቀት ከጠቀሰ፣ የተጠቀሰው ወረቀት አባሪ ይሆናል። ያለ አባሪ እትዬ ዘርፌ የወጪ ደብዳቤ ቁጥር አይሰጡም፣ የመጣው ቢመጣ።

ደብዳቤዬን ተየብኩ። ከታች "አባሪ፦ አንድ ገጽ" አልኩበት። ቃለ ጉባኤውን ከሥሩ አድርጌ ገባሁ።

አቶ ሙላት ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ።

"እንዲህ ብያለሁ እኔ?"

"ብለዋል። ፈርመውበታልም።"

"ይሄ ዞን ሊሄድ ነው?"

"አባሪ ነው፣ አቶ ሙላት።"

ደግሞ አነበበው። ከዚያ "ይቆይ" ብሎ ሁለቱንም መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። አልቀደዳቸውም። ይቆይ ማለት እስከ መቼ ነው? እስክወልድ? እስከ ሰኞ?

ስወጣ እትዬ ዘርፌ በመስኮታቸው ጠሩኝ። "የቃለ ጉባኤው ቅጂ ትናንትና ፋይል ገብቷል። አልነገርኩሽም እንዴ?" አሉ። አልነገሩኝም። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ።

ሰውየው ቂም እንደሚይዝ አውቃለሁ። በምን እንደሚመጣብኝ ነው የማላውቀው። ሹራቡን አጥቤ ለእማየ ሰጠኋት።