ቀዩ አልሞት አለኝ

ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እግርሽስ? ብረት የገባበት ቦታ በብርድ ጊዜ ይጠዘጥዝሻል ወይስ ለቀቀሽ? እቤቷ የምታስታምምሽ አክስቴ ደውላ እናትሽ በክራንች መራመድ ጀምራለች ስትለኝ ከደስታዬ ብዛት ሥራ ቦታ መሆኔን ረስቼ ጮህኩ። እኛም ደህና ነን ብዬ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ብዘጋው ምንኛ በወደድኩ። ግን ድምፄን ሰምተሽ ውሸቴን እንደምታውቂው ሁሉ ጽሑፌንም አይተሽ ማወቅሽ አይቀርም። ስለዚህ ልንገርሽ። አንቺ ብቻ አትደንግጪ፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

በስልክ ያልነገርኩሽ በአባዬ ምክንያት ነው። ድምፅሽን ከሰማ ቤቱን እያመሰ ይፈልግሻል። ባለፈው ካወራን በኋላ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ፣ በልብሶችሽ መሀል እጁን እየሰደደ፣ ውጪ እንጂ ምን ያስደብቅሻል ሲልሽ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ያንቺን ስልክ የማነሳው በረንዳ ወጥቼ በሹክሹክታ ነው።

እማዬ፣ አባዬ ምግብ እምቢ ብሏል። መጀመሪያ ቀነሰ፤ ቀጥሎ እሷ ስትመጣ አብረን እንበላለን ማለት አመጣ። ሱሪው ከወገቡ አልቆም ብሎ ቀበቶው ላይ በምስማር ሌላ ቀዳዳ በሳሁለት። ሐኪሙ መዘነውና ፊቱን አጨፈገገ፤ በዚሁ ከቀጠለ ሆስፒታል አስተኝተን በአፍንጫው በቱቦ እንመግበዋለን አለኝ። አባዬን! መርፌ ባየ ቁጥር ያንቺን እጅ ይዞ ዓይኑን የሚጨፍነውን ሰው! አንቺ በሌለሽበት እዚያ አልጋ ላይ ጥዬው ልመጣ ነው?

አንድ ጠዋት ብርድ ብርድ ብሎኝ ያንን ግራጫ ሻርፕሽን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ በኮሪደሩ ሳልፍ፣ አባዬ ከወንበሩ ቀና አለና መጣሽ? አለኝ። ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዪው! አጠገቡ ተቀምጬ ሾርባውን በማንኪያ ስሰጠው ያለ ምንም ልመና ዋጠልኝ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ሻርፑ ተንሸራተተና ጥቁር ፀጉሬን አየው። ማንኪያውን ገፋ አደረገና፣ ይቅርታ እህቴ፣ ባለቤቴ መስለሽኝ ነው አለኝ። እህቴ አለኝ እማዬ፣ እኔን።

መቼም መልኬ ያንቺው ነው፤ የጎደለኝ አመድማው ፀጉርሽ ብቻ ነው። እሱን ራሴ ላይ ባመጣውስ ብዬ አሰብኩ። አንቺ እስክትመጪ ድረስ አባዬ ከበላልኝ ሰው ቢስቅብኝ ምን አገባኝ? ከሥራ ፈቃድ ጠየቅሁና ፀጉር የሚያነጣውን ዱቄት ገዝቼ ቤት ገባሁ።

ፀጉር ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ሹሩባ ስሠራ ኖሬ ቀለምም የማውቅ መስሎኝ! ጥቁር ፀጉር ለካ ዝም ብሎ አይነጣም። መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ከዚያ በኋላ ነው ቢጫ የሚሆነው። የኔ ቀዩን ብዙም ሳያልፍ ጫፍ ጫፉ እጄ ላይ መርገፍ ሲጀምር በርግጌ አጠብኩት። መስታወት ፊት ስቆም የዛገ ቆርቆሮ ጣራ ተሸክሜ የቆምኩ ነው የምመስለው። የነጣ ፀጉር ላይ ያን ሐምራዊ ቅባት ሲቀቡ አይ ስለነበር እሱኑ ገዝቼ ለቀለቅኩት። ቀዩ ንቅንቅ አላለም።

ቸግሮኝ ለሥራ ጓደኛዬ፣ ለቀለም ቀቢዋ ደወልኩላት። መጀመሪያ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። ከዚያ ሐምራዊው ቢጫን እንጂ ቀይን እንደማያጠፋ፣ ቀይን የሚገድለው አረንጓዴ እንደሆነ አስረዳችኝ። እነሱ መግደል ነው የሚሉት፤ ቀዩን ገደልሽው? ቢጫው ሞተልሽ? ሲባባሉ ነው የሚውሉት። ሙሉ ሽበት እንዳይመኝሽ፣ ፀጉርሽ አልቆ መላጣ ትቀሪያለሽ፤ ቀዩን ከገደልሽው አመድ የመሰለ ቡኒ ይወጣልሻል፣ ለአባትሽ ዓይን እሱ ይበቃል አለችኝ።

አረንጓዴ ያለበትን ቀለም ገዝቼ አንዴ ሞከርኩት፤ ቶሎ አጥቤው ነው መሰለኝ አልያዘም። በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ እንደገና በሳህን እበጠብጥ ጀመር። ቀዩ አልሞት አለኝ እኮ፣ የትናንቱ ምንም አላደረገውም አልኳት። እሷም በዚያ በጎርናና ድምፅዋ፣ አረንጓዴውን ጨምሪበት፣ አትሳሺ፣ ታግሰሽ ካቆየሽው ድምጥማጡ ይጠፋል አለችኝ። ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ከእጄ ውሃ እንኳ አልቀበል አለ። ሾርባውን ሳቀርብለት ከንፈሩን ገጥሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የዛገው ፀጉሬ አስፈርቶት ነው ብዬ ራሴን ስረግም ዋልኩ። ቀለሙን ለመቀባትም ልቤ አልቆርጥልኝ አለ።

አመሻሹ ላይ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። መርፌዋን ከአፏ አወጣችና ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ። አባትሽ ቤቴ መጥቶ ዳቦ ለመነኝ አለችኝ። ልጄ ልትገድለኝ ነው፤ በስልክ ስትመካከር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ መርዙ አረንጓዴ ነው፣ በሾርባ ሳህኔ ነው የምትበጠብጠው ብሏታል።

ለካስ እማዬ! ከተጋባችሁ ጀምሮ ቀዩ እያልሽ የምትጠሪው፣ ሰፈሩም ካንቺ ሰምቶ ጋሽ ቀዩ የሚለው ማንን ነው? ቀዩ አልሞት አለኝ ስል ሰምቶኛል። የቸኮልኩ ዕለት እጄ የገባው ሳህንም የሱው ነበር! ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። ልብስ ሰፊዋም ነገሩን ሳስረዳት ወደ ውስጥ ገብታ ከበሯ ኋላ ስትስቅ ሰማኋት።

ገብቼ፣ አባዬ፣ ሊሞት የተፈለገው የፀጉሬ ቀይ ነው አልኩት። አላየኝም። ሌላ መላ ስላልነበረኝ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቀለሙን እንደ አዲስ በጥብጬ መቀባት ጀመርኩ። አንዲት መስታወት፣ ሁለት እጆች፤ ከኋላዬ ያለውን በዳበሳ። እሱ ኮሪደሩ ላይ ወንበሩን ስቦ ሲቀመጥ ሰምቻለሁ፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼው እንደሆነ ግን እንጃ። የዛሬውስ ባይይዝ፣ ሐኪሙ ጋ መልሼ ይዤው ስሄድ ምን ልል ነው እያልኩ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ታጠብኩ።

ቀዩ ሞተ። ያንቺን ባይሆንም አመድ የነካው ነገር ወጣ። ሻርፕሽን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ሌላ ሳህን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቀድሜ አንድ ማንኪያ ቀመስኩለት። ፀጉሬን አየና ማንኪያውን ከእጄ ወሰደ፤ ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። እማዬ፣ በዳቦ ጠረገው!

ከዚያ አንቺን በሚያናግርበት ድምፅ፣ ሰው እንዳይሰማው ያህል ጠጋ ብሎ፣ ልጃችን ደክሟታል፣ እንዳትቆጪያት አለኝ። አልቆጣትም አልኩት፤ ድምፄን ያንቺን ለማስመሰል እየታገልኩ። ግን ንገሪያት፣ ከኋላዋ ማጅራቷ ላይ ቀይ ቀርቶባታል አለኝ።

እሺ፣ እነግራታለሁ አልኩት።

የእጅ መስታወትሽን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። እውነቱን ነው፤ እኔ በማላየው በኩል ጣት የምታህል ቀይ ቀርታለች። ቀለም ተርፎኝ ነበር፤ ግን አባዬ ልጁን ያየባት እሷ ናትና አልነካኋትም።

ዛሬም ሁለቴ በልቷል። ስለ እኛ ብለሽ ቸኩለሽ እግርሽን እንዳትጎጂ። አክስቴን ሳሚልኝ። ያጸናሽ አምላክ ያለ ክራንች ያስኪድሽ፤ በዚህ በር ገብተሽ ቀዩ ብለሽ ስትጠሪው ለመስማት ሁላችንንም ያብቃን። ያኔ በፀጉሬ እንዳትስቂብኝ ብቻ።

ከኋላዋ ቀይ የቀረባት፣
ልጅሽ