ከደጅ የመረመርሁት ኮምፒውተር

ኅዳር 15፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ሱቁን ከፍቻለሁ። ከዘንዘልማ ስመጣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር፣ የመስኮቱ ጥግ ደርሶኝ እያወራሁ ፋሲሎ ደረስሁ። ጾም ገብቷል፤ ሥጋ ቤቶቹ ጭር ብለዋል። ኮፒ ማሽኑ ደኅና። ፕሪንተሩ ደኅና። ኮምፒውተሩ ግን ምን እንደነካው እንጃ። ፓስወርዴን እጽፋለሁ፣ ጥቁር ይላል፣ ተመልሶ ያንኑ ፓስወርድ ይጠይቀኛል። ደግሜ ጻፍሁ። ያው።

ነግሬህ የለ ማስታወሻዬ፣ ይኸ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን በሊኑክስ ነው። የተማሪ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ይዞ እየመጣ ሲያስቸግረኝ የጫነልኝ የእህቴ ባል አያልነህ ነው፣ የኮሌጅ ላብራቶሪ ሠራተኛው። የእኔን ፓስወርድ ሰጠኝ፣ ሁሉን የሚከፍተውን፣ የአድሚኑን ግን እሱው ዘንድ አስቀረው። ምክንያቱንም አልደበቀኝም፤ አፌ መዝጊያ የለውም። እውነቱን ነው፣ አልተቀየምሁትም።

የሚያሳስበኝ የቅኔ መምህሩ የየኔታ ጽሑፍ ነው። ዐይናቸው ስለደከመ ከክረምት ጀምሮ እሳቸው በቃላቸው ይነግሩኛል፣ እኔ እተይባለሁ። የመምህሮቻቸው ቅኔ ከነፍቺው። በወረቀት የለም። ያለው እሳቸው ራስ ውስጥና እዚህ ሣጥን ውስጥ ነው። ቅዳሜ ለጽዮን በዓል በጀልባ ወደ ሐይቁ ገዳም ይሻገራሉ፤ ለተማሪዎቻቸው ይዘውት እንዲሄዱ አትሜ ላስረክባቸው ቃል ገብቻለሁ።

ከሰ.

ጎረቤቴ ሙሉቀን፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ መጥቶ አየው። ፎርማት አድርጌ ዊንዶውስ ልጫንልሽ ይላል። ፎርማት ማለት ሁሉንም መጥረግ አይደል ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«ያው እትዬ ጥሩ፣ አዲስ ቤት ገባሽ ማለት ነው።»

አሮጌው ቤት ያለው ዕቃስ ስለው ጸጉሩን አከከ። ክፉ ሰው አይደለም። ፍላሽ ሰክቶ ሊገለብጥልኝም ሞክሯል፣ መግቢያው ላይ ቀረ እንጂ። እስከ ሐሙስ ታገሠኝ አልሁት።

ኅዳር 16፣ ማክ.

አያልነህ ይፋግ ነው፣ የአባቱን ሩዝ ሊያሳጭድ። ኔትወርክ የሚያገኘው ማሳው ዳር ካለች ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ። ዛሬ ወጣልኝ። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ስጫን ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነ ጥቁር ገጽ ይመጣል አለ። መጣ። ስሜንና ፓስወርዴን ብጽፍ አስገባኝ። ብቻዬን ሳቅሁ።

ከዚያ እሱ ትቶልኝ የሄደውን መመርመሪያ አስነሣሁ። ስክሪፕት ይለዋል። ኮምፒውተሩን እየዞረ ይጠይቃል፣ መልሱን ይደረድራል፤ ሙቀትህ እንዴት ነው፣ ዲስክህ እንዴት አደረ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ። ልክ እንደ ነርስ።

መልሱ መጣ። ተከልክሏል። ተከልክሏል። ፈቃድ የለም፣ ታልፏል። ቀይ በቀይ። ላነብለት ስል ስልኩ ተቋረጠ። ደጋግሜ ብደውል አይነሣም።

አለቀለት ማለት ነው። የኔታን ምን እላቸዋለሁ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የኔታ መጡ። ልደብቃቸው አስቤ ነበር፤ ገና መቋሚያቸውን ከበሩ ሳያስደግፉ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ቀዩ ጽሑፍ ምን ይላል አሉኝ። ፈቃድ የለሽም ነው የሚለው አልሁ። ሞቷል ይላል ወይ አሉ። አይ፣ እሱን እንኳ አይልም።

«ወለተ ማርያም፣ ገዳማችን ገብተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ፣ በክርስትና ስሜ ጠርተው።

«ሴት መች ይገባና፣ የኔታ። ከወደቡ ነው የምንቀረው።»

«ታዲያ አምና ማኅሌቱ የት እንደደረሰ፣ የማን ድምፅ እንደዘጋ፣ መቼ እንደምንወጣ ለጀልባ ነጂው ስታወሪለት የነበርሽ አንቺ አይደለሽ?»

እኔ ነበርሁ፣ ከወደቡ ሆኜ በጆሮዬ ብቻ እየሰማሁ። ሁሉም ልክ ነበር ደግሞ። ሳቁና ሄዱ።

ከሰ.

ስክሪፕቱን እንደገና አስነሣሁት። አሁን ቀዩን እያለፍሁ በመካከሉ ያለውን ነጩን ጽሑፍ ብቻ አነባለሁ። ሙቀቱ ደኅና። ዲስኩ ታሞ እንደሆነ የሚጠይቀው መስመር ተከልክሏል፤ እሺ፣ እሱ የአያልነህ ድርሻ ነው። ከሥሩ ያለው ግን አልተከለከለም። ዲስኩ ሞልቷል። ጢም። አንዲት ፊደል የምታርፍበት ቦታ የለም። ለካ የማያስገባኝ ለዚህ ነው።

ዝቅ ብሎ ደግሞ ከእኔ ፋይሎች ትልልቆቹን ደርድሯል። አንደኛ፣ የቆሻሻ ቅርጫቱ። የሠርግ ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ነው፣ ሰው በፍላሽ ገልብጪልኝ እያለ ያመጣው። እኔ አጥፍቼዋለሁ ብዬ ተኝቻለሁ፤ ሙሽራው ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ሲጨፍር ከርሟል። የጣልሁት እኔ፣ ቅርጫቱ የእኔ። ይኸን ለማውጣት የአድሚን ፈቃድ አያሻኝም።

ሻይ ቤት ሄጄ ለሁሉም አወራሁ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አያልነህ ጉብታው ላይ። እሱ የቅርጫቱን ማጽጃ ትእዛዝ ፊደል በፊደል ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ መልሼ አነብለታለሁ። በቃላቱ መካከል ያለችውን ባዶ ክፍተት ያለቦታዋ ካደረግሻት የየኔታም አብሮ ይሄዳል አለኝ። እንደገና አስነበበኝ። ከኋላው የአጫጆች ዘፈን ይሰማል። ተጫኚ አለ። ተጫንሁ።

ኮምፒውተሩ ምንም አላለኝም። ዝም። ዝም ማለቱ ጥሩ ነው ይላል አያልነህ። የዝምታ ነገር መቼም አይገባኝም፣ ግን አመንሁት።

አጥፍቼ አበራሁት። ፓስወርዴን ጻፍሁ። ገባ። የየኔታን ፋይል ከፈትሁት፤ አለ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ። የጎደለው ያለፈው ቅዳሜ የነገሩኝ ብቻ ነው፣ እሱን ማስቀመጫ አጥቶ ጥሎታል።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

የኔታ የጎደለውን ጠዋት ደገሙልኝ። ካለፈው ትንሽ ይለያል ብላቸው፣ ያኛው እንከን ነበረው፣ እንዴት ላስወጣው እያልሁ ነበር፣ እንኳን ጠፋ አሉ። ፕሪንተሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። ሙሉቀን በፍላሽ አንድ ቅጂ አስቀመጠልኝ፤ አዲሱ ቤትሽ ቀረ እንግዲህ እያለ።

ማታ አያልነህ ደወለ። የዲስኩ ጤና አልታየም፣ ሌላ ጊዜም እኔን ላታገኚኝ ትችያለሽ፣ የአድሚኑን ፓስወርድ ያዢው አለኝ። ጻፊ አለ። እስክሪብቶ ይዣለሁ፣ አንተ ማስታወሻዬ ፊቴ ተከፍተሃል። ደስ አለኝ፣ ከልቤ።

ከዚያ አንተን አየሁህ። ካወቅሁት ላንተ እጽፍልሃለሁ። ላንተ ከጻፍሁ አፌም አይቀር፣ ነገ ሙሉቀን ይሰማዋል፣ ከነገ ወዲያ ሚኒባሱ ሁሉ።

አትንገረኝ አልሁት። ሩዙን ስትጨርስ መጥተህ ራስህ እየው፤ እኔ የሚታየኝን አይቼ እነግርሃለሁ። ሳቀ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ጀልባው ላይ

እኔም ከሴቶቹ ጋር እየሄድሁ ነው፣ እስከ ወደቡ። ጋቢ ይዣለሁ፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እመለሳለሁ። የኔታ ጽሑፉን በፌስታል ጠቅልለው ጉያቸው አድርገውታል፣ ውኃ እንዳይነካው። ጀልባ ነጂው የአምናው ነው፣ አወቀኝ። እትዬ፣ ዘንድሮስ ምን ወሬ አለሽ ይለኛል። የቅርጫቱን ልነግረው ነው፣ ከሰኞ ጀምሬ፣ አንድም ሳላስቀር። የአድሚኑ ፓስወርድ እንደሆነ እኔ ዘንድ የለም፣ ስለዚህ የሚያመልጠኝ ምስጢር የለም።