ለዳክዬዎቹ የሰጠሁት ዳቦ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 23

ዛሬ ሁለተኛዋ ዳክዬ ሞተች። ከእናቴ ሦስት ዳክዬዎች የቀረችው ነጭ አንገት ያላት ብቻ ናት፤ እሷም መቆም አቅቷታል።

ምክንያቱን አውቃለሁ። የኪዳነ ምሕረት ዕለት እዚህ ኢየሩሳሌም ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ከደብረ ገነት የያዝኩትን ጸበል ጻዲቅ በፌስታል ቋጥሬ ሱቅ ውስጥ ረሳሁት። ሳገኘው ጠርዙ አረንጓዴ ሻጋታ አውጥቶ ነበር። የተባረከ ዳቦ ቆሻሻ ላይ አይጣልም። ለሰው ባይሆን ለዳክዬ ይሆናል ብዬ ለእናቴ ሰጠኋት። እህል ነጋዴ ነኝ፤ የሻገተ እህል ለዶሮ ቀለብ እንኳ አልሸጥም።

እናቴ ግን የጠረጠረችው ጎረቤታችንን አልማዝን ነው። ጠዋት በአጥሩ ላይ፣

«መርዘሽ ጨረስሽብኝ!» አለቻት።

«እትዬ፣ ጩኸታቸው ይሰለቸኛል እንጂ መርዝ ምን በወጣኝ? ኪዳነ ምሕረትን!» አለች አልማዝ።

«ስሟን በዚህ አፍሽ አትጥሪ!»

የሱቁን ቁልፍ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ሱቄን ልከፍት ሄድኩ። እኔ ሱቅ ስውል እናቴን ክሊኒክ የምትወስዳት፣ ዕብራይስጡን የምትተረጉምላት አልማዝ ናት። ከዛሬ በኋላ እንጃ።

ከሰዓት ስመለስ እናቴ ዳክዬዋን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋታለች። ዳቦ በውሃ እያራሰች ታጎርሳታለች።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትሰጫት?»

«ያንተን ጸበል ጻዲቅ ነዋ! ትንሽ አስቀርቼ ነበር። ለዚያች ሴት መርዝ ሌላ ምን መድኃኒት አለኝ?»

ትኩስ አመጣልሻለሁ ብዬ ፌስታሉን ወሰድኩባት። መረቀችኝ። ዳክዬዋ የጎረሰችውን ውጣዋለች።