ለፋሲካ የተቀመጠው ውሃ

አዋሽ ሰባት፣
ሐሙስ፣ ግንቦት 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ሰመራ ለሚገኘው ለባለቤቴ ለባህሩ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔና ልጃችን ሎዛ ደህና ነን። ሙቀቱን አትጠይቀኝ፤ እናንተ ጋ የባሰ ነው ስለሚሉ የእኛን ማማረር ትቻለሁ። "ባለቤቴ" ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆም ብሎ ነበር፤ ሌላ የምጠራህ ስም ሳጣ ጊዜ ዝም ብዬ ቀጠልኩ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ሦስት ደቂቃ ካለፈን እንደምንነታረክ አንተም ታውቃለህ። ወረቀት ቢያንስ መሀል ላይ "ቆይ አንዴ" አይለኝም።

ጉዳዬ የመኪናህ ነገር ነው። ገዢ ተገኝቷል። የናዝሬት ሰው ነው፤ አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ባለ ሁለት በር ሲፈልግ ዓመት እንደዞረ ነገረኝ። ቀይዋን ሴሊካህን ሲያያት ልክ እንደ አንተ ነው የሆነው። መጀመሪያ ኮፈኗን በመዳፉ ዳበሰ፣ ከዚያ በነጭ ሸሚዙ መሬት ላይ ተንጋሎ ከሥር አያት። ወንዶች ለእሷ እንዲህ ስትሆኑ ሳይ አሁንም ይገርመኛል። በዋጋው ተስማምተናል፤ እሁድ ሊወስዳት ይመጣል። የቀረው የአንተ ፊርማ ብቻ ነው። ሊብሬው በስምህ ስለሆነ ወይ መጥተህ ትፈርማለህ፣ ወይ ውክልና ትልክልኛለህ። የጎረቤታችን የመዲና ባል ሀሰን ነገ ተሳቢውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ስለሚወጣ ይህን ደብዳቤ እሱ ያደርስልሃል፤ ውክልናውንም የሚመለስ ጓደኛው ይዞልኝ ይመጣል።

ተናድጄ የምሸጣት እንዳይመስልህ። ንዴቴ ካለፈ ቆይቷል። እንዴት እንዳለፈ ልንገርህና ከዚያ ትፈርማለህ።

የአምናውን የፋሲካ ሰሞን መቼም አትረሳውም። የእኛ የቧንቧ ውሃ ሻይ እንኳ ሲያፈሉበት ጨው ጨው እንደሚል ታውቃለህ፤ ለበዓሉ ጠላ ብዬ ሀሰን ከላይ ሲወርድ አንድ ጀሪካን የደጋ ውሃ አስመጥቼ አልጋ ሥር አስቀምጬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጀሪካኑ ግቢ ውስጥ ተጋድሟል፣ አንተ የመጨረሻዋን ጠብታ ራዲያተሯ ውስጥ ታንጠፈጥፋለህ።

"የቧንቧው ውሃ እኮ ውስጧን ይዘጋዋል" አልከኝ።

"የእኔስ ውስጥ?" አልኩህ።

አንተ የራዲያተሯን ክዳን ገጠምክ። እኔም ወይ እኔ ወይ እሷ ብዬ ጮህኩ፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ የዝውውር ደብዳቤህን ይዘህ ሰመራ ገባህ። ወይ እኔ ወይ እሷ ብልህ ሁለታችንንም ትተኸን ሄድክ! እንዲህ ያለ መልስ ከየት እንዳመጣኸው እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ሦስት ወር ሙሉ በጆንያ ሸፍኜ አቆምኳት። የመዲና ፍየሎች ጣሪያዋ ላይ ወጥተው ሲተኙ እያየሁ ሂዱ አላልኳቸውም፤ ይህን ይቅር በለኝ። ሐምሌ ላይ ልሽጣት ብዬ ባቡር ጣቢያው ጋ ወዳለው ጋራዥ፣ ወደ ሜካኒክህ ወደ እሸቴ ሄድኩ።

"ይርገዱ፣ የማትነሳ መኪና ማን ይገዛሻል?" አለኝ። "መጀመሪያ እናስነሳት።"

እሸቴ ጣቶቹ አብጠው እንደ ድሮው አይታጠፉለትም። ጠባብ ቦታ ሲደርስ "እስኪ እጅሽ ቀጭን ነው፣ ያቺን ብሎን ያዢልኝ" ይለኛል። አንዷን ብሎን ያዝኩ፤ በሁለተኛው ቀን ፈታሁ፤ በሦስተኛው ቀን አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ መጣሁ። ራዲያተሯን አውርደን የከፈትናት ዕለት ውስጡ የሻይ ማንቆርቆሪያችንን ውስጥ መሰለኝ፤ ነጭ ድንጋይ ጋግሮበታል። እሸቴ በሽቦ እየፈቀፈቀ "ባህሩ የደጋ ውሃ ባይጀምርላት ኖሮ ይቺ ሞታ ነበር" አለኝ። ሽቦውን ተቀብዬው መፈቅፈቅ ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ። እውነትህን ነበር ባህሩ። ይህን ቃል በእጄ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም፤ ወረቀቱን አስቀምጠው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብነግርህ ትስቃለህ። ካንዴላ አውጥቼ እጠርጋለሁ። ካርቡራቶር ፈትቼ እገጥማለሁ፤ መጀመሪያ ጊዜ ስገጥመው አንዲት ትንሽ ነገር ተርፋኝ ሁለት ቀን ሙሉ የት እንደምትገባ ስፈልግ ከረምኩ። ማዘጋጃ ቤት አለቃዬ "መዝገብ ቤቱ ለምን ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል?" ብሎ ግቢውን አስፈትሿል። ጥር ላይ ደግሞ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ሎዛ እንዳትነግርህ አስምዬያት ምላሷን ነክሳ ነው የከረመችው። መዲናን ገበያ ላድርሳት ብዬ ከኋላ አስገባኋት፤ እንደምታውቀው ሰውነቷ ሞላ ያለ ነው፣ በር ደግሞ ለኋላ ሰው የላትም። መግባቱንስ ገባች፤ ለማውጣት ሦስት ሰው ነው ያስፈለገን። "ይቺ መኪና ለባልና ለሚስት ብቻ የተሠራች ናት፣ ሌላ ሰው አትፈልግም" ብላ እስከ ዛሬ ታማታለች።

የሙቀቱን ነገር ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። በስንት ጉድ አስነስቻት፣ መተሐራ ደርሼ ውሃ ልግዛ ብዬ አጠፋኋትና እምቢ አለች። ረገምኳት፣ ለመንኳት፣ ሰው ሰብስቤ አስገፋኋት። በማግስቱ እሸቴ ሳቀብኝ። "ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የቆላው ነው" አለ። "ሞቃ ካጠፋሻት ቤንዚኑ ቧንቧው ውስጥ ይተናል። አትለማመጫት፣ አትስደቢያት። ኮፈኗን ክፈቺ፣ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጊና ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ራሷ ትነሳለች።"

አንተን ሳገባ ይህን የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ በበሰቃ ሐይቅ ዳር፣ ገዋኔ መንገድ ላይ፣ ስንቴ እንዲህ ቆመን እንደነበር ትዝ አለኝ። አንተ ኮፈኗን ትከፍታለህ፣ እኔ አጉረመርማለሁ፣ ከዚያ ሌላ ሥራ ስለሌለን እናወራለን። የእናትህን ሞት ያወራኸኝ በእንደዚያ ያለ ግማሽ ሰዓት ነው። ሎዛን ማርገዜን የነገርኩህም መኪና ሳይኖረን፣ በእግራችን ቆመን አውቶቡስ ስንጠብቅ ነበር። ነገሩ ሲገባኝ ለካ እኔና አንተ የምንነጋገረው መሄጃ ስናጣ ነው። ቤት ውስጥ በሩ ክፍት ስለሆነ አንዳችን ቶሎ እንወጣለን።

አሁን ትልቁን ልናዘዝልህ። ዘንድሮም ሀሰን ለፋሲካ አንድ ጀሪካን የደጋ ውሃ አመጣልኝ። አንድ ብቻ። የጠላው ጋን ታጥኖ ተዘጋጅቷል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ከጋኑና ከመኪናዋ መሀል ቆሜ ጀሪካኑ እስኪከብደኝ ያዝኩት። ከዚያ ሄጄ ራዲያተሯ ውስጥ ገለበጥኩት። የመጨረሻዋን ጠብታ እንደ አንተው አንጠፈጠፍኩ። ሎዛ በረንዳ ላይ ቆማ አየችኝና "እማዬ፣ አሁን ማን ይጩህብሽ?" አለችኝ። ዘንድሮ ጠላ አልጠመቅንም። በዓሉን ያለ አንተ፣ በለስላሳ አሳለፍነው።

ታዲያ ለምን ትሸጫታለሽ ትለኝ ይሆናል። ስለደከመኝ ነው። እሁድ እሁድ ለሎዛ ስትደውል "እሷ እንዴት ናት?" ትላለህ። "የትኛዋ?" ስትልህ "መኪናዋ" ትላለህ። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰማሃለሁ። እሁድ ገዢው ከወሰዳት በኋላ ስለማን ትጠይቃለህ? አዋሽ ለመምጣት ምን ምክንያት ይኖርሃል? ይህን ፈርቼ ዓመት ሙሉ ስጠግናት ከረምኩ። አሁን ደግሞ ቁርጤን ልወቅ። ውክልናውን ከላክህ ገባኝ ማለት ነው።

* * *

ገዋኔ፣ ዓርብ ረፋድ

ሀሰን አልወስድም አለ። ትናንት አመሻሽ ላይ ፖስታውን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ መዲና ሹክ ብላው ኖሮ እጁን ወደኋላ አደረገ።

"ወላሂ አልነካውም!" አለኝ። "ውሃሽን ዓመት ሙሉ ተሸክሜያለሁ፣ ወደፊትም እሸከማለሁ። ይሄን ግን ራስሽ አድርሺ። ሱብሂ ሰግጄ እወጣለሁ፤ ተከተዪኝ።"

"በዚያች መኪና? እስከ ሰመራ?"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ የጠገንሻት?" አለችኝ መዲና። "ሎዛን ለእኔ ተዪያት።"

ስለዚህ ይኸው ገዋኔ ነኝ። አውቃለሁ፣ አሁን ከወንበርህ ተነስተሃል። ተቀመጥ፤ ደህና ነኝ። የሀሰንን ተሳቢ እየተከተልኩ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አለዴጊ ሜዳ ላይ ስንደርስ መንገዱ ቀጥ አለ፣ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ወጣች፣ መኪናዋም ድምጿን ቀየረች። ሀሰንን በክላክስ ይቅርታ ጠይቄ አለፍኩት። ብቻዬን እንደ ሕፃን ሳቅሁ። እሸቴ ጋ የተማርኩት ጥገናዋን ነው፤ ለምን እንደምትወዳት የገባኝ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ቅጣቴን ወዲያው አገኘሁ። ገዋኔ ስንቃረብ የሙቀት መለኪያ መርፌዋ ወደ ቀዩ ሄደች፤ አጠፋኋት። ጨርቁን ነክሬ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። ሀሰን ደርሶብኝ "አልሀምዱሊላህ፣ አንቺም ትቆሚያለሽ ለካ" ብሎ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ይህን የምጽፍልህ በእሷ ግማሽ ሰዓት ነው። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የማወራው ሰው አጣሁ ባህሩ። ናፍቀኸኛል። ይኸው ጻፍኩት።

* * *

ሰመራ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ የቢሮህ ጥበቃ ነው፤ ጥሩ ሰው ይመስላል፣ "የአቶ ባህሩ ምን ነሽ?" ሲለኝ "ባለቤቱ" አልኩት፤ በዚህኛው ቆም አላልኩም። በመስኮት ብታይ መንገዱ ማዶ ታገኘናለህ። ነፋሱ በአሸዋ ቀለሟን እየገረፈው ነውና ቶሎ አንብብ።

ሊብሬው ከእኔ ጋር ነው። መፈረም ከፈለግህ እስክሪብቶም አለኝ፤ አልቆጣም። ለእሁዱ ገዢ የሚሰጠውን መልስ ግን ሁለታችን አንድ ላይ ብንሰጠው ደስ ይለኛል። ኋላ ወንበር ላይ ሀሰን የሰጠኝ ሁለት ጀሪካን የደጋ ውሃ አለ። አንደኛው የእሷ ነው። ሁለተኛው የአንተ ነው፤ የሰመራ ውሃ እንዴት እንደሆነ ሀሰን ነግሮኛል፣ የአንተም ውስጥ እንዳይዘጋ።

አንድ ነገር ሳልነግርህ አልዘጋውም። ደርሼ እንደቆምኩ ፈራሁ። ባይወጣስ? ቢወጣና ፊቱ ባይፈታስ? ሞተሩ እየሠራ ነበር፤ አንዴ ማርሽ አስገብቼ ዞሬ ልመለስ ምንም አልቀረኝም። ታውቀኛለህ፣ በሩ ክፍት ከሆነ እወጣለሁ። ስለዚህ ቁልፉን አዙሬ አጠፋኋት። በዚህ ሙቀት፣ መርፌዋ ቀዩ አፋፍ ላይ እያለች። ኮፈኗን አልከፈትኩም፣ ጨርቁንም አልነከርኩም። አሁን ልሂድ ብል እንኳ ግማሽ ሰዓት መሄድ አልችልም።

እግዚአብሔር ጤናህን ይስጥህ፣ ደረጃውን በሰላም ያውርድህ።

ከመንገዱ ማዶ፣
ይርገዱ