መንገድ ተሻግረው ስላዋለዱት ወይዘሮ ዴልፊን፣ ለፈቃድ ቦርዱ ሰብሳቢ

ለክቡር ዶክተር ሬጂናልድ ስቶውቨር
የምሥራቁ ግዛት የነርሶችና የአዋላጆች ፈቃድ ቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ሆኑ መላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት እንደምትገኙ፣ ከዚያም በላይ ፈቃድ ካለው ሐኪም ብዙም እንዳልራቃችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ኦርቪል ታትል እባላለሁ፤ በቴልፎርድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሕገ መንግሥት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ከተማችንን ላያውቋት ይችላሉ። ዋናው መንገዳችን የሁለት ግዛቶች ድንበር ነው፤ በስተምዕራብ ያለነው የአንዱ ነን፣ ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶቻችን ደግሞ የእርስዎ ናቸው።

የምጽፍልዎ ስለ ወይዘሮ ዴልፊን ሃግስትሮም ነው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት በእኛ በኩል ባለው ሆስፒታል በአዋላጅ ነርስነት ሠርተዋል፤ የከተማው ግማሽ የተወለደው በእሳቸው እጅ ነው። ባለፈው የካቲት፣ በረዶው ሁለት ቀን ሙሉ ሲወርድ በሰነበተበት ሳምንት፣ ከመንገዱ ማዶ የምትኖረው ማርሊስ ፖኮርኒ ቀኗ ሳይደርስ ከቀትር በኋላ ምጥ ያዛት። ባሏ ዳሬል አምቡላንስ ጠራ። ስልኩን ያነሳችው ሴት የእኛ ግዛት ሠራተኛ ስለነበረች ወደ እናንተ ግዛት አስተላለፈችው፤ የእናንተው ሰው ደግሞ መንገዱ ስለተዘጋ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ነገረው። ዳሬል ኮት እንኳ ሳይደርብ ተሻግሮ የወይዘሮ ዴልፊንን በር ደበደበ። እኔ ደጄን በአካፋ እየጠረግኩ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«እማማ ዴልፊን፣ ይድረሱልኝ! ማርሊስ ልትሞትብኝ ነው!»

«አትጩህ። ቦርሳዬን ያዝ። ውኃ ጥደሃል?»

«ኧረ ምንም አላደረግኩም!»

«እንግዲያው ሩጥ፣ እደርስብሃለሁ። ኦርቪል! አንተ ደግሞ ቆመህ ከምታይ መንገዱን ጥረግልኝ እንጂ!»

ጠረግኩላቸው። ክቡር ሰብሳቢ፣ የዚህ ጥፋት ተባባሪ መሆኔን በገዛ እጄ እያመንኩልዎ ነው።

ሕፃኗ እትብቷ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ፣ ጠቁራ ወጣች። ወይዘሮ ዴልፊን ፈቱላት፣ አፏን ጠርገው እስክታለቅስ ድረስ ትንፋሻቸውን ሰጧት። እናትየው ደም አልቆም ሲላትም አምቡላንሱ እስኪመጣ ማሕፀኗን በእጃቸው ሲያሹ ቆዩ። ሕፃኗ ዛሬ ትድሃለች።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ስለ ንቃትዎ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ዴልፊን በልደት ማስረጃው ቅጽ ላይ «ያዋለደው ባለሙያ» የሚል ቦታ ቢያገኙ ስማቸውንና የፈቃድ ቁጥራቸውን ሞሉበት። ቢዋሹ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ቦርድዎ ግን ቁጥሩ የሌላ ግዛት መሆኑን ሳያመልጠው፣ ያለ ፈቃድ በማዋለድ ከሰሳቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ መተባበርዎ። የዚያን መንገድ በረዶ ማን ይጥረግ በሚለው ጉዳይ ሁለቱ ግዛቶች እኔ ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ተስማምተው አያውቁም፤ የእናንተ መኪና ግማሹን ጠርጎ ይመለሳል፣ የእኛም እንዲሁ። የአንዲት አሮጊትን ፈቃድ ለማገድ ግን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ተስማማችሁ። እርስዎ ጻፉ፣ የእኛው ቦርድ አገደ። ስለ ግዛቶች መደጋገፍ ያን ያህል ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥሩ ምሳሌ አጥቼ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ችሎቱ። አራት ሰዓት በመኪና ነድቼ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሕግዎ ለድንገተኛ አደጋ የደረሰን ሰው እንደማይቀጣ አንብቤ ስለነበር ልቤ አርፎ ነበር። እርስዎ ግን ማርሊስ በመኸር አንድ ቀን ወይዘሮ ዴልፊን ወጥ ቤት ተቀምጣ ያበጠ እግሯን አሳይታ እንደነበር ደረሱበትና፣ ነገሩ ድንገተኛ ሳይሆን አስቀድሞ የተጀመረ ሕክምና ነው አሉ።

«ድንበር መሻገርዎን አላወቁም?» ብለው ጠየቋቸው።

«ጌታዬ፣ በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበር። ድንበሩ አልታየኝም።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን የእውነታቸውን ነበር።

ለኮንግረስ ተወካያችንም ጽፌያለሁ። የሙያ ፈቃድ ለግዛቶች የተተወ ሥልጣን ስለሆነ የፌደራሉ መንግሥት እጁን እንደማያስገባ ጽሕፈት ቤታቸው በትሕትና መለሰልኝ። የእርስዎ አገረ ገዥ ደግሞ ቦርዱ ነጻ ነው አሉኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ እኔም ያስተማርኩት ይህንኑ ነው። መሥራቾቻችን ሥልጣንን በአንድ እጅ ማከማቸት ፈርተው ለሁለት መንግሥታት ከፈሉት፤ አንዱ ቢበድልህ በሌላው ትጠለላለህ እል ነበር። ለፌደራሉ መንግሥት ያልተሰጠው ሥልጣን ሁሉ «ለግዛቶች ወይም ለሕዝቡ» የተጠበቀ ነው የሚለው አንቀጽ ላይ ስንደርስ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣል።

«ቲቸር፣ ለሕዝቡ የቀረው ግን ምንድን ነው?»

«ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አልፈው ነበር። ይቅር ይበሉኝ፤ መልሱን አላውቀውም ነበር፣ አሁንም አላውቀውም።

እርስዎ የጽሑፍ ተግሣጽ ሰጡ፤ እገዳው በይግባኝ ሊነሳ እንደሚችልም አስረዱ። ወደ ቤት ስንመለስ ይግባኝ እንዲጠይቁ ለመንኳቸው።

«ተወው፣ ኦርቪል» አሉኝ። «እኔ ልጅ ማዋለድ እንጂ ወረቀት ማዋለድ አልተማርኩም። ደክሞኛል።»

በማግስቱ ፈቃዳቸውን በፖስታ አሽገው ራሳቸው መለሱት። ማርሊስ ሕፃኗን ታቅፋ ሄዳ «በእኔ የተነሳ ነው» እያለች ስታለቅስ፣ «ዝም በይ፣ ልጂቱን ታስደነግጪያታለሽ» ብለው ተቀበሏት። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀኝ ሰው ሲገጥመኝ ስለ አየሩ አወራለሁ።

ስለ ውድ ጊዜዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለሁለት መንግሥታት በእኩል የምታዘዝ፣ በሁለቱም ዘንድ በእኩል የማልሰማ ትሑት አገልጋይዎ፤

ኦርቪል ታትል
ቴልፎርድ፣ ከመንገዱ በስተምዕራብ

ማስታወሻ፦ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሾፌር ልጅ ሮዌና በእናንተ በኩል ቤት ተከራይታለች፤ በጥር ትወልዳለች። የማንን በር ማንኳኳት እንደሌለባት በሚገባ አስረድተናታል። ማንን እንደምትጠራ ግን ስለጠየቀችን፣ እባክዎ የቤትዎን ስልክ ቁጥር ይላኩልን።